ተቀመጥለት

 

በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ወንድማማች ውሾች ነበሩ። ከአንድ እናት በአንድ ሌሊት የተወለዱ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ። አንዱን ቦቢ አልነው፤ ሌላውን በጠጉሩ መልክ ቡላ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሰፈር ልጅ የፖሊስ ውሻ ሲታዘዝ አይቶ መጥቶ ቢያወራልኝ፣ እኔም በማግስቱ አሠልጣኝ ሆንኩ። የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። ገመድ አንገቱ ላይ፣ ወገቡን ወደ መሬት ጫን፣ «ቁጭ!»። ካልተቀመጠ ገመዱን ነጠቅ፤ አሁንም እምቢ ካለ በተጠቀለለ ጋዜጣ ቸብ።

ቦቢ በአራት ቀን ለመደ። ሲመታ ራሱን አራግፎ፣ ጭራውን እየቆላ ይመለሳል። ቡላን ግን ስጠራው በሆዱ እየተሳበ ይመጣል፤ አጠገቡ ስደርስ ሽንቱ ያመልጠዋል። ይህን ንቀት አድርጌ ቆጠርኩት። እልኸኛ ነው ብዬ ድምፄንም ጋዜጣውንም ጨመርኩበት። በሁለተኛው ሳምንት ስሙን ገና ስጀምረው ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ይገባ ጀመር።

የግቢያችን ዘበኛ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ፤ አባባ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ከእጄ ወሰዱና፣ «ልጄ፣ ይሄንን አትጥራው፤ ተቀመጥለት» አሉኝ። ከበርሜሉ አምስት እርምጃ ያህል ርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከምሳቸው የተረፈውን እንጀራ እየቆረሱ ጎናቸው ጣል ያደርጋሉ፤ ዞር ብለው አያዩም። የመጀመሪያው ቀን ቡላ አልወጣም። በሁለተኛው ቀን አንገቱን ብቻ አወጣ። ስንተኛው ቀን እንደሆነ ዛሬ አላስታውስም፣ መጥቶ እንጀራውን በላና እግራቸው ሥር ተኛ።

ቡላን የጎዳሁት ለቦቢ የሠራው ለእሱም ይሠራል ብዬ ነው። ዛሬም ሰዎች «ውሻ እንዴት ነው የሚሠለጥነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም ከዚያ ዘመን ጀምሮ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፤ «የትኛው ውሻ?»

ይህ ጥያቄ በዓለም የታወቀውን የውሻ ጥናት የመራውን ሰውም ገጥሞታል። ኢቫን ፓቭሎቭን ታውቁታላችሁ፤ ምግብ እንደሚመጣ የሚነግረውን ድምፅ ሲሰማ ምራቁ የሚዝረበረበው ውሻ የእሱ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ውሻ ሁሉ ቁልፉን ሲጫኑት የሚሠራ አንድ ዓይነት ዕቃ ይመስለናል። ፓቭሎቭ ግን እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት የኖቤል ሽልማት ካገኘ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ከውሾች ጋር ሲሠራ፣ ውሾቹ አንድ እንዳልሆኑ በየዕለቱ ያይ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጨረሻም ጥንት ግሪኮች ለሰው ያወጡትን የአራት ጠባይ ክፍፍል ለውሾቹ ሰጣቸው። በእኛ ቋንቋ ብንላቸው፣ ግልፍተኛው፣ ንቁው፣ ረጋ ያለው፣ ሆደ ባሻው።

ከጻፈው ውስጥ ለአሠልጣኝ የሚጠቅመው ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ነው። ተጫዋች፣ ተንቀልቃይ፣ ሰው ላይ ዘልሎ የሚወጣ ውሻ ለሥራው የሚመች መስሎት ነበር። ያ ውሻ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ እየተደጋገመበት ሲቆም፣ እንቅልፍ ይወስደዋል! ውጭ ሲፈነጭ የነበረው እዚያ ቆሞ ያንቀላፋል። በየኮሪደሩ ግድግዳ እየታከከ፣ ጭራውን በእግሮቹ መሐል ከትቶ የሚሄደው ፈሪ ግን፣ ክፍሉን አንዴ ከለመደው በኋላ ሳይታክት ይሠራል። እኔ ይህን ሳነብ ያስታወስኩት በየቤቱ «ይሄ ውሻ ጭንቅላት የለውም» የሚባሉትን ቀልቃላ ቡችሎች ነው። አንድን ነገር ሃያ ጊዜ ካስደጋገማችሁት፣ በአምስተኛው ላይ አእምሮው ከእናንተ ጋር የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቦታ ቀይሩ፣ ጨዋታ ጣልቃ አስገቡ፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። የሰነፈው ትምህርቱ ነው።

አሁን ወደ 1924 እንሂድ። በመስከረም ወር በሌኒንግራድ ከተማ የኔቫ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን አጥለቀለቀው። የፓቭሎቭ ውሾች የሚያድሩበት ቤት ከላቦራቶሪው ራቅ ያለ ነበር። ውኃው እየጨመረ፣ ዛፍ እየተገነደሰ፣ ውሾቹ በቡድን በቡድን እየዋኙ ወደ ላቦራቶሪው እንዲሻገሩ ተደረገ። ፎቅ ላይ አንድ ላይ ታጎሩ። ፓቭሎቭ በተለይ ያስተዋለው፣ በሌላ ቀን ቢገናኙ የሚነካከሱት ውሾች በዚያ ቀን አንዳቸውም አለመጣላታቸውን ነው። ሁሉም በፍርሃት ድርቅ ብለው ነበር።

ውኃው ጎደለ። ሁሉም ተረፉና ወደ ሥራ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ምንም እንዳልደረሰባቸው ቀጠሉ። ሌሎቹ ግን ለዓመታት የተማሩት ጠፋባቸው፤ ምልክቱ ይሰጣል፣ ምራቅ የለም፣ ምግብም ቢቀርብ አይነኩም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጎርፍ፣ አንዱ ውሻ ጸንቶ ሌላው ተሰበረ። የተሰበሩት ቀድሞም ሆደ ባሻ የነበሩት ናቸው።

ከእነዚህ አንዱን ይከታተል የነበረው ረዳት ስፔራንስኪ ይባላል። በፓቭሎቭ ላቦራቶሪ ሥርዓት ተመራማሪው ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ውሻው ብቻውን ነው። ስፔራንስኪ ይህን ሥርዓት ትቶ ወደ ክፍሉ ገባና ከውሻው አጠገብ ሆነ። የጠፋው ትምህርት ተመለሰ! ሰውየው ሲወጣ እንደገና ይጠፋል፤ ሲገባ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ውሻው ብቻውንም መሥራት ቻለ። የፓቭሎቭን መጽሐፍ ሳነብ እዚህ ገጽ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየሁ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት አባባ፣ ስለ ሌኒንግራድ ሰምተው የማያውቁት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያደረጉት ይኸው ነበር።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ውሻው ከዳነ በኋላ ተመራማሪዎቹ በበሩ ሥር ጥቂት ውኃ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ወደ ክፍሉ እንዲፈስ አደረጉ። ወለሉ ላይ ትንሽ ኩሬ ሠራ። ውሻው ብድግ አለ፤ ኩሬውን እያየ ተቁነጠነጠ፤ ማለክለክ ጀመረ፤ ከቆመበት ለመውረድ ታገለ። ትምህርቱም እንደገና ጠፋ። ስለዚህ የፈራ ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ «ድኖ ነበር እኮ፣ ምን ነካው?» ስትሉ፣ አስቀድማችሁ ወደ በሩ ሥር ተመልከቱ። አንድ ነገር አይቷል ወይም ሰምቷል፤ ወይም አሽትቷል። ከዜሮ ጀመርን ብላችሁ አትዘኑበት። የጀመራችሁበትን መንገድ እንደገና፣ ከፊተኛው ባጠረ ጊዜ፣ ትሄዱበታላችሁ።

አንድ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ፍርሃቱ ከተፈጥሮው ነው ወይስ ከአስተዳደጉ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ፓቭሎቭም ጠይቆታል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ የአንድ እናት ቡችሎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በነፃነት ሲያድጉ፣ ግማሾቹ ከሰውና ከውጭው ዓለም ተለይተው በአጥር ውስጥ አደጉ። በአጥር ያደጉት ሲያድጉ ቦቅቧቃ ሆኑ፤ ከተፈጥሯቸው ብርቱ የሆኑት ጭምር። ይህን የምናገረው የራሳችንን ግቢ እያሰብኩ ነው። ቡችላ ገና ጡት ሲተው በር አጠገብ ሰንሰለት ይገባለታል፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። «ሰው ካየ ይለምዳል፤ ጨካኝ አይሆንም» ይባላል። ከዚያ ሰንሰለት ጫፍ የሚጮኸው ውሻ ብዙ ጊዜ ጀግና አይደለም። የሚያየውን ሁሉ የሚፈራ፣ መሸሻ የሌለው ፍጥረት ነው። መሸሻ ያጣ ፈሪ ደግሞ ይነክሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕፃን ልጅን፣ እንግዳን፣ ምግብ የሚያቀርብለትን ሰው። ሌባውንና እንግዳውን የሚለየው ውሻ ሰው እያየ ያደገው ነው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

አሁን አትላንቲክን እንሻገር። በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ለ13 ዓመታት አምስት የውሻ ዝርያዎችን አሳድገው አጥንተዋል፤ መጽሐፋቸው የወጣው በ1965 ነው። እዚያው ቦታ ዳንኤል ፍሪድማን የተባለ ተመራማሪ በ1958 ያሳተመው ሙከራ አለ። እኔ ለአሠልጣኞች ሁሉ ከሁሉም በፊት የማስነብበው እሱን ነው።

ፍሪድማን አራት ዝርያ ወሰደ፤ ባሴንጂ፣ ሼትላንድ የተባለው የበግ እረኛ፣ ፎክስ ቴሪየር እና ቢግል። ቡችሎቹን ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ስምንተኛው ሳምንት በሁለት መንገድ አሳደገ። ግማሾቹ እንደ ልባቸው፤ ቢዘሉ፣ ቢናከሱ፣ ጭኑ ላይ ቢወጡ የሚከለክላቸው የለም። ግማሾቹ በሥርዓት፤ ቁጭ በል፣ ቆይ፣ ና። ከዚያ ፈተናው መጣ። የተራበ ቡችላ ሥጋ ያለበት ሳህን ወዳለበት ክፍል ይገባል። አፉን ሲያስገባ በተጠቀለለ ጋዜጣ ቂጡን ቸብ ይደረጋል፤ «ተው!» ይባላል። አዎ፣ የእኔው ጋዜጣ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሰውየው ይወጣና በስውር መስታወት ይመለከታል፤ ቡችላው ከስንት ጊዜ በኋላ ይበላ ይሆን?

ባሴንጂዎቹ ሰውየው እንደወጣ በሉ፤ በቅምጥልነትም ያድጉ በሥርዓት ለውጥ የለውም። ባሴንጂ የአፍሪካ ውሻ ነው፣ ከኮንጎ አካባቢ የመጣ፤ ብቻውን ማሰብ የለመደ። የሼትላንዶቹ ነገር ተቃራኒ ነው፤ በየትኛውም መንገድ ያደጉት ሥጋውን አልነኩም። አንዴ መመታታቸው ክፍሉን ሁሉ መርዞባቸዋል። በሁለቱ ዝርያዎች ላይ የአስተዳደጉ ልዩነት ምንም አልታየም። በቢግሉና በፎክስ ቴሪየሩ ግን ታየ፤ የታየውም ማንም ከሚገምተው በተቃራኒ ነው። «ተው»ን ረጅም ጊዜ ያከበሩት እንደ ልባቸው ያደጉት ናቸው! ፍሪድማን ምክንያቱን ከሰውየው ጋር በነበራቸው ፍቅር ላይ አገኘው። የሚወዱት ሰው የተናገረው ቃል ክብደት ነበረው።

አስቡት እንግዲህ። አንድ ጋዜጣ፣ አንድ ቃል፣ አንድ ሰው። ለአንዱ ከንቱ ድምፅ፣ ለሌላው የዓለም መጨረሻ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ዋጋው ከዚያ በፊት በነበረው ወዳጅነት የሚመዘን። ቦቢና ቡላ በዚያ ሳህን ፊት ቆመው ታዩኝ።

ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያው ዝርያውን ካወቅሁ ጨረስኩ» እንዳትሉ እፈራለሁ። የኔዎቹ ወንድማማቾች ነበሩ እኮ። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾች ጌቶች የሰጡትን መልስ ከዘረ መል ምርመራ ጋር አገናዝቦ ነበር። በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጀርመን ሸፐርድ ስለሆነ ኃይለኛ ነው፣ የፈረንጅ ውሻ ስለሆነ ጎበዝ ነው፣ የአበሻ ውሻ ስለሆነ አይማርም የሚለውን ወሬ ከዚህ ጋር አስተያዩት። የአበሻ ውሻ በየመንገዱ መኪና አይቶ ይሻገራል፤ ሥጋ ቤቱ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ያውቃል። የማይማር ውሻ ይህን አያውቅም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ውሻ ሁሉ የሚበላው አንድ ነገር አይደለም። በአትላንታ፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ግሪጎሪ በርንስና ባልደረቦቹ ውሾችን ሳያስሩና ሳያደነዝዙ በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ጸጥ ብለው እንዲተኙ አለማምደዋል። ያን ማድረግ በራሱ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ገምቱ። በ2016 ይፋ ባደረጉት ሥራ 15 ውሾች ምግብና የጌታቸውን ምስጋና የሚያመለክቱ ነገሮች ሲያዩ አእምሯቸው እንዴት እንደሚነሣ ለኩ። ዘጠኙ ለሁለቱም እኩል ገደማ ነበሩ። አራቱ ለምስጋናው አብልጠው ተነሡ፤ ሁለቱ ለምግቡ። ስለዚህ ሥጋ በእጃችሁ ይዛችሁ «ምን ሆኖ ነው የማይሠራው?» ስትሉ፣ ምናልባት የፈለገው ድምፃችሁን ነው። ወይም ኳሱን። ወይም እናንተ እንደ ሽልማት የማትቆጥሩት ነገር፤ አጥሩን ለአምስት ደቂቃ ማሽተት። አፍንጫው የሚገዛውን ውሻ «ቁጭ» ብላችሁ ሲታዘዝ «ሂድ፣ አሽትት» በሉት፤ ከጥብስ ይበልጥበታል።

አሁን በጣም ወደምጠነቀቅበት ነገር ደረስኩ። ስለ ውሻ አመል ስናገር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ከኋላ ተነሥቶ፣ «የኔው ደንዳና ነው፤ ለደንዳና ዱላ ነው ማለትህ ነው?» ይለኛል። አይደለም። ቦቢ ምቱን ተቋቁሞታል፤ ተቋቋመው ማለት ግን አስተማረው ማለት አይደለም። ያስተማረው ጨዋታው ይመስለኛል፤ እኔ ግን ጋዜጣውን አመሰገንኩ። በ2020 በፖርቱጋል ፖርቶ አካባቢ በ92 የቤት ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት በሽልማት የሚሠለጥኑትንና በጩኸት፣ በገመድ ንጥቂያ፣ በኤሌክትሪክ አንገትጌ የሚሠለጥኑትን አወዳድሯል። በቅጣት የሚሠለጥኑት በትምህርቱ ጊዜ ከንፈራቸውን መላስና ማዛጋት አበዙ፤ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ አለ። የሚገርመው ግን ከትምህርቱ ውጭ የሆነው ነው። ምግብ ይኑርበት አይኑርበት ያልታወቀ ሳህን ሲቀመጥላቸው፣ ብዙ የተቀጡት ዘግይተው ሄዱ። ባዶ ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ። በየዕለቱ የሚመታ ውሻ ከሳህንም ተስፋ ይቆርጣል።

ትምህርቱ ከአመሉ ጋር ይስማማ ስል እንግዲህ የሚለዋወጠው ርቀቱ፣ ፍጥነቱ፣ ቦታውና ሽልማቱ ነው። ግልፍተኛው በመጀመሪያ ጸጥ ያለ ጓሮ ይፈልጋል፤ «ቆይ»ን ከመማሩ በፊት መሮጥ አለበት። ረጋ ያለው ጊዜ ይፈልጋል፤ «ቁጭ» ብላችሁ አምስት ድረስ ቁጠሩለት፣ አትድገሙበት፤ እያሰበ ነው። ሆደ ባሻው ከላይ የሚያጎነብስበትን ሰው አይችልም። ጎንበስ አትበሉበት፣ ዐይኑን ትክ ብላችሁ አትዩት፣ ጭንቅላቱን ሳይሆን ደረቱን ዳብሱት፣ እሱም ከመጣ ብቻ።

አመሉን እንዴት እናውቃለን? እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ውሻው ምን ያህል መደንገጡን ሳይሆን፣ ከድንጋጤው በኋላ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ ነው። በስዊድን ከ15 ሺህ በላይ ውሾች በተፈተኑበት የጠባይ መመዘኛ ውስጥ ድንገተኛ የብረት ኳኳታ አለ፤ የሚመዘነው ግን ውሻው ተመልሶ የጮኸውን ነገር ሊያሸት ይሄድ እንደሆነ ጭምር ነው። ሆን ብላችሁ አታስደንግጡት፤ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን የማይወድቅበት ሳምንት የለም። ያን ጊዜ ተመልከቱት። ዘልሎ ወዲያው ክዳኑን ካሸተተ፣ አንድ ነው። ሶፋ ሥር ገብቶ ምሳውን ከተወ፣ ሌላ ነው። ለሁለተኛው ያዘጋጃችሁት የትምህርት ዕቅድ ሁሉ እንደገና ይጻፍ።

ሳልረሳ አንድ ነገር። አመሉ ድንገት የተለወጠ ውሻ የአሠልጣኝ ጉዳይ አይደለም። ትናንት ሰው ወዳድ የነበረው ዛሬ ቢነክስ ወይም ቢሸሸግ፣ ሕመም ይኖራል፤ በእኛ አገር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብና ያለ ምንም መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ። ውሻውን ሳይታመም በየዓመቱ አስከትቡት።

ወደ ቡላ ልመለስና ላብቃ። ከአባባ ጋር ከተወዳጀ በኋላ ለእኔም ቀስ በቀስ ቀረበ፤ ስሙን ግን ለረጅም ጊዜ አልጠራሁትም። ሲመጣ ብቻ «እንካ» እለዋለሁ። «ቁጭ»ን የተማረው ያለ ገመድ ነው። እንጀራውን ከአፍንጫው ከፍ ሳደርገው፣ ለማየት ሲያንጋጥጥ በራሱ ተቀመጠ።

በዓመቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰፈሩ በርችት ሲናወጥ ቡላ ከነበረበት ጠፋ። ፋኖስ ይዤ በርሜሉ ጀርባ ፈለግሁት፤ የለም። ወደ በሩ ስሄድ አባባ በጥበቃ ቤታቸው ደፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ ታየኝ። ከጋቢው ሥር ጭራ ወጥቷል። ርችቱ ሲፈነዳ ጋቢው ይንቀጠቀጣል፤ አባባ ግን ምንም አይሉትም። እኔን ሲያዩኝ ፋኖሱን እንዳጠፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።